ከጋሼ የተረፈ ካፕሱል

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ዓለም ሳታንኳኳ ገባች። ባሌ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው የወሰን ሰፈር ጎረቤቶቼ ይመላለሱብኛል።

«እትዬ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ከጋሼ የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም፤ መሳቢያቸውን ይዩልኝ።»

ስድስት ወር ያልነካሁትን መሳቢያ ልከፍት ስነሳ ከእንባዬ ሳቄ ቀደመኝ።

ያኔ፣ ከባሌ ጋር ገና ሳንጋባ፣ ቀበና፣ ወንዙ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ፣ እሱ ወጣት አስተማሪ፣ እኔ ጀማሪ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆነን ጎን ለጎን ተከራይተን ነበር። ግቢያችን ካፕሱልን እንደ ጨው ይዋዋስ ነበር። አንድ የክረምት እሑድ እሱ ከእንጦጦ ማርያም ሲወርድ በራሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተንሸራቶ ቅልጥሙ ተሸረከተ። ግቢው ተረባረበ፤ አንዷ ሁለት ካፕሱል፣ ሌላው ሦስት አመጡ። እኔም፣ ማወቅ የሚገባኝ ሰው፣ ሳል ይዞኝ ከወሰድኩት የተረፉ አራት ፍሬ ከተጠበሰ በቆሎ ጋር ሰጠሁት። ልቤ ቀድሞውኑ ወደ እሱ አድልቶ ነበር።

በሳምንቱ እግሩ አበጠ። ሐኪሙ «የሚሠራ መድኃኒት ቶሎ ካላገኘን እግሩ ያሠጋል» አለ።

ከቁስሉ ናሙና ወስጄ ባክቴሪያዎቹን የላብራቶሪ ሳህን ላይ አሳደግሁ፤ እያንዳንዳቸው በተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ስድስት ትንንሽ ወረቀቶች አኖርኩበት። በማግስቱ ባክቴሪያዎቹ እስከ አምስቱ ወረቀቶች ጠርዝ ድረስ በቅለው አገኘኋቸው። አምስቱ መድኃኒቶች አልሠሩም ማለት ነው።

የግቢያችንን የካፕሱል መዋዋስ የነገርኳቸው ኃላፊዬ ወይዘሮ ብርሃኔ በትከሻዬ በኩል አዩ።

«የእናንተን ግቢ ይመስላሉ» አሉኝ። «መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ብልሃት በትንሽ የዘረመል ቀለበት ይዘውታል። ቅጂውን ለጎረቤት ያቀብላሉ፣ ዘመድ ባይሆን እንኳ። የተራረፈው ካፕሱላችሁ ደካሞቹን ገደለና ቦታውን ቀለበት ላላቸው ለቀቀላቸው። ይልቅ ስድስተኛውን እይው!»

በስድስተኛው ወረቀት ዙሪያ ምንም አልበቀለም፤ ክቡ እንደ ታጠበ መስታወት ጠርቷል። ውጤቱን ይዤ ሮጥኩ።

«መድኃኒትህ ተገኘ! መርፌ ነው፣ በቀን ሁለቴ።»

«ሁለቴ? አንቺ ልጅ፣ እግሬን ብትቆርጡት አይሻልም?»

«አራቱን ካፕሱል የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አልኩት አንገቴን ደፍቼ።

«በቆሎው ግን ጥሩ ነበር» አለኝ።

እግሩ ዳነ። በዚያው እግር ሠርጋችን ላይ ጨፈረ፤ ከዚያ ወዲህም የታዘዘለትን ሳይጨርስ ቀርቶ አያውቅም።

መሳቢያውን ከፈትኩ። መነጽሩ፣ ጠመኔ፣ የመጨረሻው መድኃኒት ብልቃጥ። አንስቼ ነቀነቅኩት፤ ባዶ ነው። ካረፈበት ቀን በፊት በነበረው ምሽት የመጨረሻዋን ፍሬ ውጦ ነበር።

«ጋሼሽ ምንም አላስተረፈም» አልኳት ዓለምን። ነጠላዬን አነሳሁና እጇን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣን። ከቤት ስወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።