ማጣሪያ የሌለው ማጉያ

ሰዉ ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚለው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሌላው ሽሽሽ ብቻ በሚሰማበት እሱ የሰው ድምፅ ይለቅማል። ኮረብታው ላይ የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ሪፒተር አለ፤ ከየቦታው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ ሸለቆው ድረስ ያሰማል። ጠባቂው ጆሮው ነው።

ታላቅ እህቱ ስልክ በማይደርስበት በዚያ ሸለቆ ብቻዋን ትኖራለች። ዳሌዋን ያማታል፣ የቤቷ ደረጃ ደግሞ ገደል ነው። በየቀኑ አስራ ሁለት ሰዓት ማታ በእጅ ሬዲዮዋ «ወንድምዬ፣ አለሁ» ትለዋለች። በመካከላቸው ያለው ዛፍ ካደገ ወዲህ ግን ድምጿ እየሳሳ መጣ። ስለዚህ ጆሮው ሪፒተሩ ላይ ማጉያ ሊገጥም ተነሳ።

ሁለት ዓይነት ቀረበለት። አንዱ ፊቱ ላይ ማጣሪያ አለው፤ የማኅበሩን ሞገድ ብቻ ያስገባል፣ ግን ማጣሪያው ራሱ ከድምፁ ትንሽ ይበላል። ሌላው ማጣሪያ የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ያጎላል።

«ጆሮዬ፣ ባለማጣሪያውን ውሰድ» አለው የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ልብስ ሰፊው። «ኮረብታው ላይ ጎረቤትህ እኮ የሙዚቃ ጣቢያ ነው፣ ያደነቁርሃል።»

«የእህቴ ድምፅ ጭላጭ ነው። ጭላጭ በወንፊት አይጠለልም። አንተ ሱሪህን ስፋ!»

እሁድ ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሁለቱንም ሞከረ። በባለማጣሪያው ድምጿ ቀጠን አለ። በሌላኛው አጠገቡ የተቀመጠች መሰለው።

«እህትዓለም፣ እስቲ ቁጠሪልኝ።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ኧረ ቁርሴ ቀዘቀዘ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሳቀና ማጣሪያ የሌለውን ገጥሞ ሳጥኑን ዘጋ። ያን ጠዋት የሙዚቃ ጣቢያው ሠራተኞች ማሠራጫቸውን አጥፍተው እየጠገኑ ነበር። መፍቻ ያዋሳቸውም እሱ ራሱ ነው። ይህን እያየ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ተከፈተ። ማጉያው በዚያ ጩኸት ተጥለቀለቀና ደካማ ድምፅ መስማት አቆመ። የከተማው ሰው ሬዲዮ ቅርብና ኃይለኛ ስለሆነ ማንም አላወቀም። እንዲያውም «ሪፒተሩ ብረት ሆነ!» ብለው አመሰገኑት።

ያን ማታ እህቱ በሬዲዮ አልመጣችም። በነጋታውም አልመጣችም።

«አኩርፋብህ ነው» አለ ልብስ ሰፊው በሬዲዮ። «ቁርሷን አቀዝቅዘህባት!»

የማኅበሩ ሰዎችም በሬዲዮ ተራ በተራ ሳቁ። ጆሮው ትንሽ ቢሰጋም ሰው ፊት ማነስ አልፈለገም።

«ተዋት፣ ሲርባት ትመጣለች» አለና ከሁሉም በላይ ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ደረጃው ሥር ወድቃ አገኛት። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሬዲዮው እጇ ላይ ነበር፣ ባትሪው ግን አልቋል።

ጆሮው ሊጠይቃት ሆስፒታል ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እህትዓለም፣ ምነው ሳትጠሪኝ?»

«ስጠራህ ነው የከረምኩት። እናንተ አልሰማችሁኝም እንጂ እኔ ሁላችሁንም ሰምቻለሁ።»

«ሁላችንንም?»

«ሲርባት ትመጣለች ስትል። ድምፅህ ጥርት ያለ ነበር።»

በዚያው ቀን ኮረብታው ላይ ወጥቶ ባለማጣሪያውን ገጠመ። ሙዚቃው ቢጮህም ከሸለቆው የሚመጣው ድምፅ ቀጠን ብሎ ይገባል። እሷ ተሽሏት ቤቷ ከገባች በኋላ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናገረ። ጆሮው ዘሎ አነሳው። ገበሬው ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሰማል? እህትህ አለች። ሬዲዮውን ለእኔ ሰጥታኛለች። ‹አለች በለው፣ ሌላ አትጨምር› ብላኛለች።»