ሳትቀበለው የሄደችው ገብስ

ትናንት ደብረ ታቦር፣ የሐዲስ ኪዳን መምህራችን «ምስኪን» ተብሎ የተተረጎመ አንድ የግሪክ ቃል ሲያብራሩልን «ምስኪን ማለት ሰው አይቶ የሚያዝንለት ነው፤ እሱ ግን ላያውቀው ይችላል» አሉ። አንድ ማለዳ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ እብናት፣ በየደጁ እያዜሙ ከሚለምኑት ላሊበሎች አንዷ ማለዳ መጣች። ስማችንን ከጎረቤት ጠይቃ ኖሮ ሁላችንንም በዜማ መረቀች፤ ታናሽ እህቴን ብርቄን ብቻ ዘለለቻት።

«ትንሿንስ?» አለች እናቴ፣ ገብስ በቁና ይዛ።

ሴትዮዋ ብርቄን ትክ ብላ አየቻትና «ምስኪን!» አለች።

እናቴ ሳቀች። «ምስኪንስ አንቺ፣ በዚህ ብርድ የምትዞሪው! በይ ተቀበይ።»

ሳትቀበል ሄደች። እህል ትቶ የሚሄድ ላሊበላ አይተን አናውቅም።

ብርቄ የዚያ ዓመት አዝመራ ሳይሰበሰብ ሞተች። ያን ገብስ እናቴ እስከ ዛሬ አልፈጨችውም፤ ጓዳዋ ውስጥ በቁናው እንዳለ ነው።