እናቴ ከሏን ያወለቀችበት ፎቶ

በዚያ ክረምት ወደ አገሬ ስገባ በሻንጣዬ ውስጥ ከዳዊቴ እኩል የተጠነቀቅኩለት አንድ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ያሰፋሁት ድሬዳዋ ነው፤ እዚያ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ጥለቱን ለመምረጥ ብቻ ወደ ሱቁ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቀዩ ለሐዘንተኛ ይደምቃል፣ ወርቃማው የሠርግ ይመስላል እያልኩ በመጨረሻ ቀጭን ሰማያዊ ወሰድኩ። ቀሚሱ ለእናቴ ነው። ጥቁሯን በእጄ አውልቄ ነጩን በእጄ ላለብሳት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ያረፈው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ወታደርም ታጣቂም አልነበረም፤ ከደብረ ማርቆስ ደጀን የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነበር። ጥይቱ የማን እንደነበር የነገረን የለም፣ እናቴም አልጠየቀችም። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር መርዶውን የሰማሁት ከተቀበረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ለአርባው ተነሥቼ ጎሐ ጽዮን ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባልን፤ ሁለት ቀን አድረን ተመለስን። ለሙት ዓመቱም እንዲሁ ሆነ።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ከሉን በራሱ አያወልቅም። የቅርብ ሰው አዲስ ልብስ ይዞ ይመጣና ለምኖም ተቆጥቶም ያስወልቀዋል። ሙት ዓመቱ አልፎ ጎረቤቶቿ ቢለምኗት እናቴ እምቢ አለች። በስልክ «አንቺ ስትመጪ ታወልቂልኛለሽ» አለችኝ። «በሌላ ሰው እጅ አላወልቅም።» ይህን ቃል እንደ አደራ ያዝኩት። ልቅሶው አምልጦኛል፣ ቀብሩ አምልጦኛል፤ ይህ ግን የእኔ ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

እናቴ ያለችበት ይጁቤ የገባሁት ፍልሰታ ጾም በተያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። ጭቃው ጫማዬን እየያዘ፣ ከደጅ ጀምሬ ላለቅስ ትንፋሼን ሰብስቤ በሩ ላይ ስደርስ እናቴ ወጣች። ነጭ ለብሳለች። አዲስ አይደለም፤ ከድሮ ሳጥኗ የወጣ፣ መታጠብ ያሳሳው ቀሚስ። እንባዬ ቀጥ አለ። አንገቴን አቅፋ ስትስመኝ እኔ የማየው እጅጌዋን ነው።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ጮኸች፦ «አልቅሺ እንጂ! ምነው፣ ድሬዳዋ ፀሐዩ እንባሽን አደረቀው?»

«እትዬ፣ እንኳን ደህና ገቡ» አለችኝ አንዲት ልጅ፣ ሻንጣዬን ከእጄ እየተቀበለች።

አወቅኳት። የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ተማሪ ናት። ወላጆቿ ወደ መርጡለ ማርያም በኩል ገበሬዎች ናቸው፤ እንደ ገጠር ልጆች ሁሉ ስንቋን ይዛ እየመጣች ትማር ነበር። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱንም መንገዱንም ሲዘጋው ወደ ቤተሰቦቿ መመለስ አልቻለችምና ከጓሮው ክፍል ወደ እናቴ ቤት ገባች። ወንድሜ ሲቀበር እናቴን ከኋላ ደግፋ የያዘቻት እሷ ናት። እህል አልቀምስ ስትል ያጎረሰቻት እሷ ናት። ይህን ሁሉ በስልክ አመስግኛት ነበር። በስልክ ማመስገን ቀላል ነው።

እኔን እርስዎ ትለኛለች፣ እናቴን ግን አንቺ። «እማ፣ ጨው አነሰበት» ስትላት ሰማሁ። እማ የሚላት ወንድሜ ብቻ ነበር።

ከተቀመጥን በኋላ ድምፄን አለስልሼ ጠየቅኩ።

«መቼ አወለቅሽው?»

«በሰኔ።»

«ማን አወለቀልሽ?»

እናቴ በአገጯ ወደ ልጅቱ አመለከተች። «ምን ታድርግ፤ ሰላምን ፎቶ አንስተሽ አምጪ ተብላ ታዛ ነው። ከየት ታምጣው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የወጣቶች ማኅበር አሥር ልጆች ሰብስቦ ለክረምቱ ካሜራ ሰጣቸው። ከጦርነት በኋላ ሰላም የምትሉትን አንስታችሁ ኑ፣ አዳራሽ ውስጥ እንሰቅለዋለን አሏቸው። አንዱ ልጅ ርግብ ተውሶ መጣ፤ ርግቡ አልበር ቢል በድንጋይ አባርሮ አነሣው። ሌላው ሁለት ሕፃናትን ጨባብጦ ሲያነሣ በካራሜላ ተጣሉበት። የእኛይቱ ደግሞ የይጁቤን ገበያ፣ መስታወቱ የተቀየረ አውቶቡስ፣ የትምህርት ቤቷን ሰሌዳ አነሣች። የማኅበሩ አሠልጣኝ ሁሉንም አይቶ «ይሄ ያየሽው ነው፤ የተሰማሽን አምጪ» ብሎ መለሳት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስትቆዝም እናቴ ምን ሆንሽ አለቻት፤ ነገረቻት። እናቴ ጥቂት አሰበች፣ ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተችና «በይ ነይ፣ ጥቁሩን ያዢልኝ። ቶሎ በይና አንሺ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» አለቻት።

«እኔን አልጠበቅሽኝም» አልኩ።

«ሁለት ጊዜ ጠበቅኩሽ፤ ሁለቱንም ጎሐ ጽዮን ላይ ቀረሽ።»

«መንገዱ ተዘግቶ እኮ ነው!»

«እኔስ አንቺ ዘጋሽው አልኩ?»

ቀሚሱን አውጥቼ ሰጠኋት። በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ጥለቱን ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ! ለማርያም በዓል እለብሰዋለሁ» አለችና አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ሐዘን ሊያስወጣ አገር አቋርጦ የመጣው ቀሚስ እንዲሁ የክት ልብስ ሆነ።

ልጅቱ ፎቶውን በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳየችኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቁሩ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ነጩ ገና አልተስተካከለላትም፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ትስቃለች። እናቴ የፊት ጥርሷ ከወለቀ ጀምሮ አፏን በነጠላዋ ሳትሸፍን አትስቅም፤ እኔ ያነሣኋት ሁለት ፎቶዎች ላይ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ተገትራ ነው ያለችው። እዚህ ላይ ግን አፏ ግልጥ ነው፣ የጎደለው ጥርስ ይታያል፣ እሷ ግድም የላት። የምታየው ካሜራውን የያዘችውን ልጅ ነው።

«ጥሩ ነው» አልኩና መለስኩላት።

በማግሥቱ ልጅቱ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ፎቶው እንዲሰቀል የተነሣው ሰው ፈቅዶ መፈረም አለበት። «እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡላትና አውራ ጣቷን ታሳርፍበት» አለችኝ። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ አስገባሁት፤ ሁለት ቀን አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን ጸሎቴን አድርሼ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ።

«ቤተሰቡ አልፈቀደም» አልኩት ስልኩን ያነሣውን ወጣት።

«እናትየው ናቸው ያልፈቀዱት?»

«ቤተሰቡ» አልኩ ደግሜ።

በጾም፣ ያውም በእመቤታችን ጾም፣ ውሸት ከአፌ እንዳይወጣ እጠነቀቃለሁ። ቤተሰብ ማለት እኔም ነኝ፣ ስለዚህ አልዋሸሁም አልኩ ለራሴ። ቢሆንም ለመቁረብ ጀምሬው የነበረውን ዝግጅት ተውኩት። እናቴ ለምን ብትለኝ ጉንፋን ያዘኝ አልኳት። ይሄኛው እንኳ ጥርት ያለ ውሸት ነበር።

ልጅቱ ከደብረ ማርቆስ ስትመለስ ሰምታለች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን ከጭቃው እያጸዳች «እሺ እትዬ» አለች። «የሐዘን ነገር ነው፣ እርስዎ ያውቃሉ።» ለእናቴም አልተናገረችም። ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

ያላሰብኩት እናቴን ነው። ለይጁቤ ሰው ሁሉ ነግራ ኖሯል። ፎቶዎቹ የሚታዩበት ቀን ሲደርስ ማልዳ ተነሥታ ያንን የሳሳ ነጭ ቀሚስ ለበሰች። አዲሱን አትለብሺም ወይ ብላት «ፎቶው ላይ ያለሁት በዚህ ነው፤ እንዲያውቁኝ» አለችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። ከጎረቤታችን ጋር ሦስት ሆነን ሚኒባስ ተሳፈርን።

«ዛሬ እንግዲህ ከአንቺ ጋር የሄደ ወንበር ይለቀቅለታል» ትላታለች ጎረቤታችን መንገዱን ሁሉ። እናቴ በነጠላዋ ውስጥ ትስቃለች። እኔ በመስኮቱ ዝናቡን አያለሁ።

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። እናቴ ግድግዳውን ተከትላ አንድ ጊዜ ዞረች። ርግቡን አለፈች፣ ገበያውን አለፈች። እንደገና ዞረች።

«የት አለሽ?» አለች ጎረቤታችን። «ርግቡ ሸፍኖሽ ይሆን?»

እናቴ አልሳቀችም። ልጅቱን ስታይ ጠራቻት። «የኔዋስ?»

ልጅቱ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «እማ፣ ማተሚያ ቤቱ አበላሸው። ቀለሙ ፈሰሰበት።»

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና አፏን ሸፈነች። «እንግዲህ የኔ መልክ ድሮም አይወጣልኝም» አለች።

ልጅቱ እኔን ለመሸፈን ዋሸች፤ እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁባት። ከእኔ ይልቅ ልጅ መሆን የምታውቀው እሷ መሰለችኝ። እናቴ ግን አፏን እንደሸፈነች፣ ፎቶዋ ቢኖር የሚሰቀልበትን ባዶ ቦታ የምትፈልግ ይመስል ግድግዳውን ታያለች። መታገሥ አቃተኝ።

«እማዬ፣ አልተበላሸም። ያስከለከልኩት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ አልፈቀደም ብዬ ደወልኩ።»

«ውይ!» አለች ጎረቤታችን፣ ግን ጠጋ አለች።

«ለምን?» አለች እናቴ።

ብዙ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር፦ የወንድሜ ክብር፣ የሰው ዓይን፣ የሐዘን ወግ።

«ቀንቼ።»

እናቴ እኔንም ልጅቱንም አየች። «አንቺን ከወለድኩ ስንት ዓመት ሆነኝ?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት እናትሽ ሆኜ፣ ለዚህች ልጅ አንድ ፎቶ ነፈግሻት?» ድምፅዋን ከፍ አድርጋለች፤ ሰዎች መዞር ጀመሩ። «ደግሞስ ገላው የኔ፣ ልብሱ የኔ፣ ሐዘኑ የኔ! ማን አንቺን ጠየቀሽ?» ቀጥላ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺም ውሸታም! ቀለም ፈሰሰ አልሽኝ። ፎቶው የት ነው?»

«ቢሮ ውስጥ ነው፣ እማ። ታትሟል።»

«በሉ አምጡትና ስቀሉት። ሁለታችሁ። እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

የማኅበሩ አስተባባሪ ሌላ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ሮጦ መጣ። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ፣ ምናልባት ከሚያስፈልገው በላይ ተጭና አተመችበት። መዶሻ አልተገኘም፤ ልጅቱ ምስማሩን በድንጋይ መታች። እኔ ፎቶውን ይዤ ቆምኩ። ትልቅ ሆኖ ታትሟል፤ የእናቴ ሳቅ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ወደ እርስዎ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» አለችኝ ልጅቱ።

ዝቅ አደረግኩት።

«አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ጋደለ» አለች ጎረቤታችን።

አቃናሁት። እናቴ በቃ እስክትል ድረስ ያዝኩት።

ድሬዳዋ ተመልሼ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናገርኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ በዚያም ላይ በየእሑዱ ለልጅቱ እንድደውልላት አዘዙኝ። ስግደቱን በሳምንት ጨረስኩት። የከበደኝ ስልኩ ነው። ስታነሣ ሁልጊዜ «እትዬ፣ እማን ላገናኝዎት?» ትለኛለች። በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ቶሎ ብዬ አዎ እል ነበር። አሁን አሁን «ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺ እንዴት ነሽ?» እላታለሁ። አንዳንዴ ከልቤ ነው፣ አንዳንዴ ቀኖናዬን ለመፈጸም ብዬ ነው። እሷ ስለ ፈተናዋ፣ ስለ ወላጆቿ፣ ሰሞኑን ስላነሣችው ፎቶ ረዘም አድርጋ ታወራኛለች። ከኋላዋ እናቴ፣ በምን እንደሆነ እንጃ፣ ስትስቅ ይሰማኛል። ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ልጅቱ ወሬዋን እስክትጨርስ ግን እናቴን አገናኚኝ አልልም።