አስራ ሁለተኛው ጧፍ

ዛሬ ከሰዓት... ሱቄ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች በሙታን ቁጥር ተጣልተው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ሱቄ ቬጋስ፣ ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላ፣ ጧፍ እሸጣለሁ። ጋሽ ደምሴና ጋሽ ንጉሤ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ እዚህ ደግሞ በአንድ መኪና የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ነገ በቀይ ሽብር ለተገደሉ የሰፈራቸው ልጆች ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ቄሱ ስማቸውን ይጠራሉ፣ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጧፍ ይበራል። የእኔ ድርሻ ጧፉን መጠቅለልና የስም ዝርዝሩን አጽድቶ መጻፍ ነው።

«ስንት ላድርገው?» አልኩ።

«አስራ ሁለት» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አስራ አንድ» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

ተጀመረ...

መጀመሪያ የተከራከሩት ስለ አገር ነው። ጋሽ ደምሴ ያነበቡት መጽሐፍ የሟቹን ቁጥር ሰማይ ያደርሰዋል፤ ጋሽ ንጉሤ ያነበቡት ደግሞ ግማሹን ይክዳል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሻጭ ከፍ፣ ገዢ ዝቅ አድርጎ እንደሚጠራ አውቃለሁ። የሙት ቁጥርም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የተበደለ ይጨምራል፣ ያጠፋ ይቀንሳል።

ጋሽ ደምሴም የተናገሩት ይህንኑ ነው። «አንተ ድሮም ሥራህ መቀነስ ነው! የቀበሌ ጠመንጃ የተሸከምክ ሰው!»

«ሦስት ወር ነው የተሸከምኩት።»

«እኔም የታሰርኩት ሦስት ወር ነው! ያጠረ መሰለህ?»

«በቃ፣ አስራ ሁለት ልጠቅልልና ከተረፈ ትመልሱልኛላችሁ» አልኩ ለመገላገል። ሁለቱም ዞረው አፈጠጡብኝ። ለካ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ሽሮ አይመለስም።

ጋሽ ደምሴ «መኪናዋን ጥላ ስር ፓርክ ላድርጋት፣ አንተን ከማይ» ብለው ወጡ። ይህን ጊዜ ጋሽ ንጉሤ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ።

«አስራ ሁለተኛው ፍሬው ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «የየሺ ወንድም።»

እትዬ የሺን አውቃቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ የሚመጡ ደንበኛዬ ናቸው። ወንድም እንደነበራቸው ግን ገና መስማቴ ነው። በአስራ ስድስት ዓመቱ ከቤት ወሰዱት... ከዚያ ሬሳም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ። እትዬ የሺ ጥቁር አልለበሱለትም፣ እርማቸውን አላወጡም።

«ነገ ቄሱ ስሙን ከሙታን ጋር ሲጠሩት ልትሰማ ነው» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «ያኔ ሰው አልገደልኩም ልጄ... አሁን በስተርጅና ፍሬውን በወረቀት ልግደለው?»

ዝርዝሩን አየሁት። ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም ስለማይሆን፣ ጋሽ ደምሴ የአስራ አንዱን ልጆች ስም ከየቤተሰቡ በስልክ ለቃቅመው ጽፈዋል። ከሁሉ ስር «ፍሬው» ብለው አጠገቡን ባዶ ትተውታል። በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።

እርሳሱን ሳላስቀምጥ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደምሴ ናቸው... ከኋላቸው እትዬ የሺ።

«ፓርኪንጉ ላይ አገኘኋት» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እንደ ጥፋተኛ።

የሒሳብ ማሽኑን ቶሎ ብዬ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምን ትደብቀኛለህ አንተ?» አሉ እትዬ የሺ። «ሰው አልጋ ስር የደበቀውን ስጠርግ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት!»

ማሽኑን ገፋ አድርገው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ከስም ወደ ስም ወረደ... መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ይሄ ጥያቄ ምንድነው?»

ጋሽ ንጉሤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ጋሽ ደምሴ የበርበሬ ከረጢት ያነብባሉ። መልሱ እኔ ላይ ወደቀ።

«የክርስትና ስሙን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው፣ እትዬ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወልደ ሰንበት» አሉ። «ክርስትና ሲነሣ አቅፌው የሄድኩት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ። መንገድ ላይ እንዳልጥለው ስንቴ አስጠነቀቁኝ።»

ጋሽ ንጉሤ «የሺ፣ ካልፈለግሽ እኮ...» ብለው ጀመሩ።

«ስገባ ዝም ትላላችሁ» አሏቸው። «የሁሉንም ልጅ ስም ታነሳላችሁ፣ እኔ ስመጣ ስለ አየሩ ማውራት! የቬጋስ አየር ደግሞ ምን ይወራለታል? ሙቀት ነው፣ አለቀ! የወንድሜን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ... እንጃ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አስራ ሁለት አድርገው። የእሱን ለብቻው ጠቅልልልኝ፣ እኔ ነኝ የምይዘው። አንተም ንጉሤ፣ ነገ በጠዋት መጥተህ ውሰደኝ። እሑድ አውቶብሱ ይዘገያል።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

የጥያቄ ምልክቱን በላጲስ አጥፍቼ «ወልደ ሰንበት» ብዬ ጻፍኩ። አስራ አንዱን ጧፍ ባንድ ላይ፣ አንዱን ለብቻ ጠቀለልኩ።

እትዬ የሺ ጥቅላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሲወጡ ጋሽ ደምሴን ፈለግኋቸው። የሽሮ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ። ቁጥሩ እሳቸው እንዳሉት ነው የሆነው።

«ምነው አስራ አንድ ሆኖ በተሸነፍኩ» አሉ።

በዚህ የቁማር ከተማ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ... አሸንፎ መሸነፍ የተመኘ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።