ጋቢና የተቀመጠው ነፊ

ኩርሙክ የሄድነው ለሰርግ ነው፤ ልንነፋ። ጠዋት ከአሶሳ ስንነሳ በአንድ ፒክአፕ ዘጠኝ ዙምባራ ነፊዎች ነበርን። ለማያውቅ ልንገር፤ ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው።

ከኛ ትንሹ ኢድሪስ ነው፤ ባጃጅ ነጂ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ትልቁ እኔ ነኝ። ሰባን አልፌአለሁ፤ ስንት እንዳለፍኩ አልቆጠርኩም። መለከቴም ትልቁ ነው።

መኪናው ጋ ስደርስ ኢድሪስ ጋቢና ገብቶ ተቀምጧል። ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ነው የሚይዘው።

«ውረድ» አልኩት።

«ያ ዓሚ፣ ሬዲዮውን እኔ ነኝ የማውቀው» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

«እኔ ደግሞ አባትህን አውቀዋለሁ። ውረድ።»

ወረደ። ከሌሎቹ ጋር ከኋላ ወጣ። ሽማግሌ ነኝ፣ የሚገባኝ ነው ብዬ ገባሁ።

ሆሞሻ

ማንጎ ገዛን፤ አምስቱ በሃምሳ ብር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ፈራርሷል። ልጆቹ ከኋላ አቧራ እየጠጡ ይሳሳቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው በመስኮት ጮኼ ብጠይቅ አልሰሙኝም።

ኩርሙክ

ስንደርስ እነሱ አፈር መስለዋል። የኔ ጀለቢያ ግን እንደነጣ ነው። የሙሽራዋ አባት አየኝና እጄን ይዞ የሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ።

«እኔ እኮ ነፊ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ። «በዚህ ዕድሜ? ትንፋሹ ከየት መጥቶ? ልጆቹ ይንፉ፣ አንተ መርቅ።»

ዱዓ ሳይደረግ ከሽማግሌ መሀል መነሳት ነውር ነው። ተቀመጥኩ። ልጆቹ ጀመሩ። የኔ ተራ ሲደርስ ባዶ ነው። የሚጨፍሩት ሴቶች እግራቸውን አንስተው የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ፈልገው ይምጡ አልኩ።

አልመጡም። በሁለተኛው ዙር ባዶው ቦታ ላይ ድምፅ ወጣ። የኔ መለከት ነው! ቀና ብል ኢድሪስ የራሱን በግራ፣ የኔን በቀኝ ይዞ ከዚህ ወደዚያ ይነፋል። ገንፎውን ትቼ ተነሳሁ። ከኋላዬ «ወዴት? ወዴት?» ይላሉ።

«ያ ዓሚ፣ ሽማግሌዎቹ ለቀቁህ?» አለ ኢድሪስ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ።

«አልለቀቁኝም። አምጣ ወዲህ!»

እስኪመሽ ነፋን። የሙሽራዋ አባት መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ወላሂ፣ ሽማግሌ መስለኸን ነበር እኮ» አለኝ።

መልስ

በማግስቱ ኢድሪስ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። «ግባ፣ ያ ዓሚ።»

«አንተ ግባ። ሬዲዮውን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ከልጆቹ ሁለቱ ጎትተው ከኋላ ጫኑኝ። የሚያስቃቸውንም ያኔ አወቅኩ፤ እኔ ነኝ። ስነፋ ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን እንዴት እንደምነፋ አንዱ አሳየኝ። ተቆጣሁ፤ ቆይቶ ግን እኔም ሳቅኩ።

ዕድሜ ጋቢና ያስቀምጣል፤ ዙምባራ ግን ጋቢና ተቀምጦ አይነፋም። አሶሳ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ አላወቀችኝም። እስከ ቅንድቤ አቧራ ነበርኩ።