አንድ የተባለው ክፍል

ጋሽ ጠመኔ ጡረታ ወጥተው ወገባቸውን ሳያሳርፉ፣ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት «ለችግረኛ ተማሪዎች በኢንተርኔት ሒሳብ ያስተምሩልን» አላቸው። ቅጽል ስሙን የለጠፉባቸው የድሮ ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ኮታቸው ከጠመኔ ብናኝ ጠርቶ አያውቅም ነበር። ድርጅቱ ኮምፒውተር አዋሳቸው። ተማሪዎቹ ስልክ ይኑራቸው አይኑራቸው የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ችግረኛ መሆናቸው በቂ ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርት ማይክሮፎኑን ሳይከፍቱ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው አስተምረው ጨረሱ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ክፍል በዘመኔ አላየሁም» ብለው ለልጃቸው አወሩላት። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ የድምፁን ቁልፍ አሳየቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከክፍሉ የቀረው አንድ ስልክ ብቻ ሆነ። ስልኩ የአንዲት ፀጉር ሠሪ ነው፤ የምትማርበት የእህቷ ልጅ ናት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብላ ነው መሰል፣ ልጅቷ የሰፈሩን እኩዮቿን ሰብስባ ፀጉር ቤቱን ሞላችው። ማድረቂያው ሲጮህ ጋሽ ጠመኔም ይጮኻሉ፤ ደንበኞችም ሳይወዱ በግዳቸው አልጀብራ ይማራሉ።

አንድ ቀን የድርጅቱ አስተባባሪ ደወለ፤ ከረባቱ ከድምፁ የሚያስታውቅ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ክፍልዎ ውስጥ ያለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ልንዘጋው ነው።»

«እስቲ ገብተህ እያቸው» አሉት።

ገባ። ልጅቷ ስልኩን አዙራ ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ፣ መስኮት ደፍ ላይ የተደራረቡትን አሳየችው። አክስቷም ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሰላም አለችው።

«ደስ ይላል» አለ አስተባባሪው። «ሲስተሙ ግን አንድ ነው የሚለው።»

«አንተስ ስንት ትላለህ?»

«እኔማ ሲስተሙ ያለውን ነው የምለው።»

ክፍሉ ተዘጋ፤ ኮምፒውተሩም ተወሰደ። ዕድሜ ልካቸውን ቁጥር ያስተማሩት ጋሽ ጠመኔ አኩርፈው ተኙ። በማግስቱ ከፀጉር ቤቱ ተደወለላቸው።

«መምህር፣ ጥያቄው ሳይፈታ እኮ ነው ጥለውን የሄዱት» አለች ልጅቷ።

«ይፈታል ልጄ። ድምፄን ለሁሉም አሰሚያቸው።»

ከዚያ ወዲያ ምስል የለ፣ ኢንተርኔት የለ፤ እሳቸው በስልክ ይናገራሉ፣ ልጆቹ በሳሙና መስታወቱ ላይ ይጽፋሉ። አክስቲቱ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ ግን ደንበኞቿን «ልጆቹ ይቺን መስመር ሳይጨርሱ ፊትሽን አታዪም» ማለት ለመደች።

ፈተናው ሲመጣ ከአንዱ በቀር ሁሉም አለፉ። ድርጅቱም ባወጣው ሪፖርት «የተዘጋው ክፍል እንኳ ካለው አንድ ተማሪ መቶ በመቶ አሳልፏል» ሲል ራሱን አመሰገነ። ልጃቸው ይህን ስታነብላቸው ጋሽ ጠመኔ የሰሟት በግማሽ ጆሮ ነበር፤ የወደቀው ልጅ ስልኩ ላይ ሆኖ፣ ክፍልፋይ ለምን እንደሚገለበጥ እንደገና እየጠየቃቸው ነበር።