ጤነኛ ብዬ የመዘገብኩት ሳል

መጀመሪያ ሳል ነበር። ደረቅ፣ አጭር፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ። ባለቤቴ ውቢት የእንጦጦ ብርድ መታኝ ብላ ዝንጅብል በማር ጠጣች። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ በክረምት እዚያ ሰፈር የማያስል የለምና እኔም አመንኳት።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ። ሥራ ስጀምር ምርምሬ በድምፅና በምስል ላይ ነበር፤ የቆዩ ካሴቶችን ድምፅ ማጽዳት፣ የቪዲዮ መጠን መቀነስ፣ ይህን የመሰለ። ፕሮፌሰርነቱን ያገኘሁት ግን ወደ ሕክምናው ካዘነበልኩ በኋላ ነው። ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት ማለቂያ ላይ የሳንባ ነቀርሳን፣ ማለትም ቲቢን፣ ከሳል ድምፅ የሚለይ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ውጤቱን ጽፌ ወደ ውጭ አገር ጉባኤ የምልክበት ቀን ደርሶብኛል።

ለማነጻጸሪያ የጤነኞች ሳል ያስፈልጋል። ደንባችን ግልጽ ነበር፦ ጤነኛ የሚባል ሰው ሁሉ አስቀድሞ ራጅ ይነሣል። እኔ ጥቂት ሰው ጎደለብኝ። ስለዚህ ጓዳችን ግድግዳ ላይ ጋቢ ሰቅዬ፣ ማይክሮፎን ተክዬ፣ ውቢትን እስቲ ሳልሽን አሰሚኝ አልኳት። ማስመሰል አላስፈለጋትም። ዛሬስ ሳሌም ሥራ አገኘ ብላ ሳቀችብኝ። ቅጹ «ራጅ ተነሥቷል?» ይላል። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ «ጤነኛ»።

ፕሮግራሙ ግን ታማሚ ናት አለ። ደገምኩት። አሁንም ታማሚ። የጓዳው ማሚቶ አሳስቶት ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። አብራን የምትሠራው ሐኪም፣ ዶክተር ሐና፣ ወረቀቱን አይታ ጠየቀችኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ይህቺ ሴትዮ በእርግጥ ራጅ ተነሥታለች?»

«ተነሥታለች» አልኳት።

የውቢትን ሳል ከመረጃው አወጣሁት። ውጤቱ ወዲያው አማረ። በዚያው ቀን ኬክ ይዤ ቤት ገባሁ። ውቢት ቆርሳ ለእኔና ለልጃችን እስክታድል ሁለት ጊዜ ሳል አቋረጣት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እኔ ኬኬን በላሁ።

ያኔ በመሥሪያ ቤቷ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ፣ ማን ይቀራል ማን ይነሣል እየተባለ፣ አንድ ቀን መቅረት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ሐኪም ቤት ሂጂ ብዬ ብጎተጉታት ትሄድ ነበር። አልጎተጎትኳትም። ቀሚሷ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ስትይዘው አይቼ፣ ቀጠንሽ፣ አማረብሽ አልኳት። ይህን የጻፍኩት ላፍርበት ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወደ ታክሲው ቁልቁል እየወረድን ነበር። ቆመች። አሳላት። መሐረቧ ላይ ደም አየሁ። ብዙ ነበር። ደግፌ አስቀመጥኳት። እጇ ይነድ ነበር።

ጤና ጣቢያው አክታዋን መረመረ። ፖዘቲቭ ነው። ራጁ ቀኝ ሳንባዋ ላይ ቀዳዳ አሳየ፤ ከሥሩ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ወጣት ነው።

«ቲቢ ነው፤ ይድናል። ግን በጣም ቆይታችኋል። ስለ በሽታው የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ የለም?»

«ባለቤቴ ቲቢን ነው የሚያጠናው» አለች ውቢት። ነገር ፈልጋ አይደለም፤ ልትመልስለት ብላ ነው። ሐኪሙ እኔን አየኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ውሃው በመርፌ እስኪቀዳ ሆስፒታል ተኛች። ልጃችንና እኔም ተመረመርን፤ ነጻ ወጣን። ልጄ እስክትጠራ የቆየሁበትን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም።

ከዚያ የስድስት ወሩ መድኃኒት ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ወርደን፣ ነርሷ ፊት አራቱን መድኃኒት ትውጥ ነበር፤ ከአራቱ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንቷን ሲያቀላው ደነገጥን፣ ነርሷ ግን ጤናማ ነው፣ እንዳታቋርጪ ብላ አረጋጋችን። ቀስ በቀስ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ምግብ መጠየቅ ጀመረች፣ ክብደቷ ተመለሰ፣ በአራተኛው ወር ደግሞ ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ብቻ አርፋ ወጥታ፣ ከላይ ሆና አንተ ነህ የደከምከው ብላ ቀለደችብኝ።

እዚያው ዳገት ላይ ነገርኳት። ቅጹን፣ ፕሮግራሙን፣ ያወጣሁትን ሳል፣ ኬኩን ሁሉ።

«ማሽኑ አውቆ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«አንተ ግን እሱን ከመስማት ጽሑፍህን መረጥክ።»

ሳትጠብቀኝ ወረደች። በማግስቱ ጽሑፌን ከጉባኤው አወጣሁ፤ ለዶክተር ሐናም እንደዋሸኋት ነገርኳት። እሷም ከእንግዲህ የጤነኞቹን ቅጽ እኔ ነኝ የምሞላው አለችኝ። ተቀበልኩ።

በየጠዋቱ የውሃ ብርጭቆ ይዛ የጠበቀችንን ነርስ፣ ያንን ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ሐናንም አመሰግናለሁ። ለምታነቡ፦ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ አስመርምሩ። መድኃኒቱን ሻል ሲላችሁ አታቁሙት። በቤታችሁ የተማረ ሰው ስላለ ብቻ ደኅና ነን አትበሉ።

ውቢት ድናለች። ይቅር ብዬሃለሁ ብላኝ አታውቅም፤ አብረን ግን እንኖራለን። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዟት ስታስል ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ምነው፣ ምን ሆንሽ አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ከፈተች።

«ተቀመጥ። ሳሌን ከእንግዲህ ለሐኪም ነው የማሰማው» አለችኝና ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያ ወረደች።